«አፉ በለኝ» ያላለ ወረቀት፦ «ቃሌ»ን ከደሴ ፒያሳ ሲያነቡት

ወሎ ውስጥ ይቅርታ የሚጠየቀው በትእዛዝ አንቀጽ ነው። በዳዩ «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ነገሩን ራሱ ጀምሮ ራሱ አይዘጋውም፤ «አፉ በለኝ» ይላል። የቃሉ ሥር ዐረብኛ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ግን መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም አፉ ይባባላል። ግሱን ልብ በሉልኝ። «በለኝ» ያለ ሰው የነገሩን መቋጫ ለተበዳዩ አፍ ትቶለታል። ያኛው «አፉ ብያለሁ» እስኪል ድረስ የፈሰሰው እንባ፣ የተሳመው ጉልበት፣ የተላከው ሽማግሌ ሁሉ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከሰሞኑ ፒያሳ፣ ከማዘወትራት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን «ቃሌ» እንደገና ሳነብ ይህ ግስ አልለቀቀኝም። «ቃሌ» መጽሐፍ አይደለም። በታኅሣሥ 2001፣ ጸሐፊዋ ዳግም ሊታሰሩ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ለሕዝብ ያሰራጩት አጭር ጽሑፍ ነው። ሂስ የሚጻፈው ለልብ ወለድና ለፊልም ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። ከፖለቲካ ግጭት በኋላ ስለሚሰጥ ይቅርታ ካነበብኳቸው የአማርኛ ጽሑፎች እንደዚህ ያለው አልገጠመኝም፤ ምክንያቱም እዚህ የሚናገረው ይቅርታን ከውጭ የሚመረምር ምሁር ሳይሆን ይቅርታ ላይ የፈረመ ሰው ነው።

ለወጣቱ አንባቢ ታሪኩን ላስታውስ። የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ውጤት አወዛገበ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 መንገድ ላይ ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠረው 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ነው። የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች፣ ወይዘሪት ብርቱካንም ጭምር፣ ታሰሩ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1999 በብዙዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ ሠላሳ ስምንቱ በይቅርታ ተፈቱ። በመካከሉ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ከቃሊቲ እስር ቤት ወደ ቤተ መንግሥት ሲመላለሱ ከርመው ነበር። የምልልሱ ፍሬ አንድ ወረቀት ነው፤ እስረኞቹ ለተፈጸመው ስሕተት ኃላፊነት እንደሚወስዱና ሕዝብና መንግሥት ይቅር እንዲላቸው የሚጠይቅ። ወይዘሪት ብርቱካንም ፈረሙ።

ዓመት አለፈ። አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ የሚባል ፓርቲ ተመሠረተ፤ እርሳቸው ሊቀ መንበር ሆኑ። ስዊድን ሄደው ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲወያዩ የተፈቱት በሽምግልና ሂደት መሆኑን አስረዱ። መንግሥት ይህን «ይቅርታ አልጠየቅሁም ብላለች» ብሎ ተረጎመው። የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ቢሮ አስጠርቶ የሦስት ቀን ገደብ ሰጣቸው፤ ያሉትን እንዲያስተባብሉ። በማስተባበያው ፋንታ የወጣው «ቃሌ» ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ከተኛበት ተነሣ።

የጽሑፉ ክርክር ቀጥ ያለ ነው። ጸሐፊዋ መፈረማቸውን አይክዱም፤ አልካድኩምም ይላሉ። የፈረምነው በሽማግሌዎች አማካይነት ለእርቅ ሲባል ነው፤ ያልኩትም ይህንኑ ነው፤ ታዲያ ፖሊስ አንድን ዜጋ ጠርቶ ንግግርሽን በሦስት ቀን አስተባብዪ የሚለው በየትኛው ሕግ ነው? ከዚህ ወዲያ ያለው የጽሑፉ ክፍል የዚህ ጥያቄ ዘር ነው። አረፍተ ነገሮቹ አይጮኹም። ቅጽል አይበዛባቸውም። ጸሐፊዋ ከፖለቲካ በፊት ዳኛ ነበሩ፤ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ይለቀቅ ብለው አዝዘው፣ ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቅ መልሶ የተያዘበትን ቀን በዓይናቸው ያዩ ዳኛ። «ቃሌ» ውስጥ የሚሰማው ያ ድምፅ ነው፤ ፋይል ገልጦ ማስረጃ ከማስረጃ እያስተያየ የሚሄድ። በአማርኛ የፖለቲካ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥብነት ብርቅ ነው። የእኛ ጸሐፊዎች ሲበደሉ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይፎክራሉ።

ርእሱ ራሱ ተመርጧል። በአማርኛ «ቃል» ለፖሊስ የሚሰጥ ነው፤ «ቃል» የሚገባም የሚጠበቅም ነው። አንዲት ተከሳሽ ቃሏን ሰጠች፤ አንዲት ሴት ቃሏን ጠበቀች። ሁለቱ ባንድ ርእስ ሥር ተኝተዋል።

ጽሑፉ የሚያጋልጠው ትልቁ ነገር ግን ጸሐፊዋ በቀጥታ ያላነሡት ይመስለኛል፤ አማርኛችን «ይቅርታ» በሚለው አንድ ቃል ላይ የጫነውን ሸክም። ይቅርታ የሚጠይቅ አለ፤ ይቅርታ የሚያደርግ አለ፤ በሕግ ደግሞ ይቅርታ ማለት ርእሰ ብሔሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት፣ በይቅርታ ቦርድ በኩል ቀርቦ፣ ፍርደኛን የሚለቅቅበት ሥልጣን ነው። በ1996 የወጣው የይቅርታ አሰጣጥ አዋጅ ለዚህ ማመልከቻ፣ ቦርድ፣ የይቅርታ መሻሪያ ምክንያት ነበረው። ሽማግሌ ዘንድ የሚጠየቀው ይቅርታ ደግሞ ሁለት ባለቤት አለው፤ «አንተም ተው፣ አንቺም ተዪ» ተብሎ በሁለት ወገን የሚቆም። በ1999 ክረምት የሆነው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሽምግልናው በር የሁለት ወገን ይቅርታ ይዘው ገቡ፤ መንግሥት በአዋጁ በር የአንድ ወገን ይቅርታ አድርጎ አወጣው። ወረቀቱ አንድ ነው። ፊርማው አንድ ነው። ቃሉም አንድ ስለሆነ ስፌቱ አልታየም። ስዊድን ላይ ወይዘሪት ብርቱካን ያደረጉት ስፌቱን በጣታቸው ማሳየት ነው፤ ልብሱም እዚያው ላይ ተተረተረ።

ይህንን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ ቅሬታዬን ላቅርብ።

«ቃሌ» የሽምግልናውን በር ንጹሕ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። መንግሥት ሕግ ጣሰ፤ ሽምግልናው ግን ባህላችን ነው፤ ክቡር ነው። እኔ ባደግኩበት አገር ሽምግልና ከመቀመጡ በፊት አውጫጭኝ አለ። ከብት ቢሰረቅ፣ ሰው ቢሞት፣ አገሩ ተሰብስቦ ማን ምን እንዳየ ይወጣጣል። እርቅ የሚመጣው ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ደም የሚያደርቁት አባጋሮች ገዳይና ሟች ሳይለዩ ካሳ አይቆርጡም፤ ማን ለማን እንደሚከፍል በምን ያውቃሉ? የ1999ኙ ሽምግልና አውጫጭኙን ዘለለው። አውጫጭኝ ያካሄደ አካል አልነበረም አይባልም፤ አጣሪ ኮሚሽኑ ነበር። ሰብሳቢውና ምክትላቸው ግን አገር ጥለው ወጡ፤ ከውጭ ሆነውም ኮሚሽኑ በድምፅ ብልጫ የደረሰበት ግኝት ኃይሉ ከልክ ያለፈ ነበር የሚል መሆኑን ተናገሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ ተመጣጣኝ ነበር አለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ መሐል ላይ ሊዘረጋ የሚገባው ሐቅ አልተዘረጋም ነበር። ባልተዘረጋ ሐቅ ላይ «ኃላፊነት እንወስዳለን» የሚል ወረቀት ሲፈረም የማንን ኃላፊነት ነው? የማታምንበትን አረፍተ ነገር ለሰላም ብለህ ስትፈርም ሽማግሌው ይደሰታል፤ ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ግን ሽማግሌው አይደለም።

ሌላው ቅሬታዬ ከዚህ ይከፋል፤ ደግሞም በጽሑፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ክርክር ላይ ነው። መንግሥትና ተቃዋሚ ይቅርታ ተጠየቀ አልተጠየቀም ሲባባሉ የ193ቱ እናቶች፣ የ6ቱ ፖሊሶች ልጆች የት ተቀምጠው ነበር? ወረቀቱ «ሕዝብ» ይላል። ሕዝብ አፍ የለውም፤ «አፉ ብያለሁ» ሊል አይችልም። አፍ ያላት መርካቶ ልጇን የቀበረችው እናት ናት። እርሷን የጠየቃት የለም።

ስለ ቅንነት ስናወራ ይህን ታሪካችንን መርሳት አይገባም፤ የአደባባይ ንስሓን ዋጋ ያረከሰው የመንግሥት እጅ ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ራስህን አጋልጥ ይባል ነበር። የተናዘዘ ይተርፍ ይሆናል፤ ዝም ያለ ወዮለት። ከዚያም ሂስና ግለ ሂስ መጣ፤ ከዚያም ግምገማ፤ ከዚያም ተሐድሶ። የኔ ዕድሜ ሰዎች «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ግስ የተማርነው ስብሰባ ላይ ነው፤ እጅ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ጸሐፊው እየመዘገበ። እንዲህ ያለው ኑዛዜ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው የለም። በ1996 ሠላሳ ሦስት የደርግ ባለሥልጣናት ከእስር ቤት ሆነው ሕዝቡን ይቅርታ የሚጠይቁበት ዕድል እንዲሰጣቸው ለመንግሥት ጽፈው ነበር። ዕድሉ በጊዜው አልተሰጣቸውም። በግንቦት 2003 የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ብዙዎቹ ተፈቱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁን ከበሩ ላይ ሞቶ ያገኘ አባት ፊት ለፊት ቆሞ «አፉ በሉኝ» ያለ ስንት ነው? ልመናው ወደ ላይ ነው የተጻፈው፤ ወደ መንግሥት።

ወደ ላይ የሚጻፍ ይቅርታ ደግሞ በአገራችን አሮጌ ነገር ነው። በ1870 ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋዩን አወረዱላቸው፤ የሸዋ ንጉሥነታቸውንም አጸደቁላቸው። ያ ትርኢት ነበር፤ ግን ትርኢቱ ውል ነበረው። ተሸካሚው ምን እንደሚሰጥ፣ አውራጁ ምን እንደሚመልስ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱ ከደሴ ማዶ ቦሩ ሜዳ ላይ ተሰብስበው የወሎን ሙስሊም ሃይማኖትህን ቀይር አሉት። ለዚያ ድንጋይ የተሸከመ የለም። ወሎዬ በነገሥታት እርቅ የማይደነቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደቡብ አፍሪካውያን በእውነትና እርቅ ኮሚሽናቸው ከዚህ ወጥመድ ብልህ መውጫ አግኝተው ነበር። የምሕረት አመልካቹ እንዲያዝንም ይቅርታ እንዲጠይቅም ሕጉ አላስገደደውም፤ የሠራውን ሳይደብቅ መናገር ብቻ ነበር ግዴታው። ጸጸት በሕግ ሲታዘዝ ውሸት እንደሚወልድ ተረድተዋል። እውነቱን አውጡት፤ ልባችሁን ለራሳችሁ ያዙት። ሩዋንዳ በጋቻቻ ችሎቶቿ ሌላውን መንገድ ሄደች፤ ተናዝዞ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀ ቅጣቱ ይቀልለታል። ኑዛዜው በዛ፤ ግን ስንቱ ለተበዳዩ፣ ስንቱ ለዓመታቱ ቅናሽ እንደተናገረ መለየት አስቸገረ። ለእኛ አውጫጭኝ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ነው እላለሁ።

ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቆመው መንግሥት ራሱ ዜጎቹን በማሰቃየት የሽብር ሥራ ሠርቷል ሲሉ ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ከብቦ እንደነበር አስታውሳለሁ። የምርመራ እስር ቤቱ ማዕከላዊም ተዘግቶ ነበር። ያን ንግግር ዛሬ ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም። ከላይ ወደ ታች የተነገረ ኑዛዜ ከዚያ በፊት እንዲህ በግልጽ አልሰማንም ነበር። እንደ ይቅርታ ጽሑፍ ካነበብነው ግን «ቃሌ» ላይ ያየነው ጉድለት አለበት። በዳዩ ተናገረ፤ ምክር ቤቱ አጨበጨበ፤ ጥፍሩ የተነቀለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። እርቅን እንዲመራ 41 አባላት ያሉት ኮሚሽን በ2011 ተቋቋመ፤ የሚታወስ ሥራ ሳይሠራ በአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተተካ።

ወይዘሪት ብርቱካንስ? መስከረም 26 ቀን 2003 ተፈቱ። መንግሥት በድጋሚ ይቅርታ ጠይቀዋል ብሎ አስታወቀ። ስለዚህ ሁለተኛ ወረቀት የከረረ ክርክር አልሰማሁም፤ ከመጀመሪያው ተምረን ሁላችንም ወረቀት ማመን ትተን ነበር። ኅዳር 13 ቀን 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በምርጫ ምክንያት ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሴት የምርጫ ዳኛ ሆኑ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን እንደ ካሳ ቆጠሩት። ሹመት ካሳ አይሆንም፤ «አፉ በይኝ» ብሎ በአደባባይ የቀረበላቸው ማን እንደሆነ አልሰማሁማ።

ይህን ሁሉ በደሴ ስጽፍ በከተማዋ የደረሰውን እንዳላየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ፣ ከተማዋና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ኅዳር 27 የመንግሥት ጦር መልሶ ያዛቸው። ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ፋብሪካዎች ተነቅለው፣ ሰው ሞቶ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ዕለቱ ዲሴምበር 6 ነበር፤ በእኛው 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል ጭምር፣ የደበደቡበት ዕለት። ጣሊያን በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1988 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። ቡና የምጠጣበትን ሰፈር ስም ግን እርሷው ሰጥታን ሄዳለች። የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ተጠያቂነትን፣ እውነትን፣ ካሳንና እርቅን የሚያካትት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንደሚወጣ ይናገራል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 አጽድቋል። ያነበበ ሰው አውጫጭኙም ካሳውም በወረቀት ላይ አሉ ይላል። ወረቀቱ ደሴ ሲደርስ የማን በር እንደሚንኳኳ ግን ሳስብ፣ በሩ ስንጥቅ ያለበት ጎረቤቴ ይታየኛል። በእርሱ ስም አፉ የሚል ኮሚሽነር እንዳይመጣ እሠጋለሁ።

ወደ «ቃሌ» ልመለስና ላብቃ። ቡና ቤቷ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ አዛውንት አሉ፤ በሰፈሩ ጠብ ሲነሣ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። የጽሑፉን ፎቶ ኮፒ ሰጠኋቸውና ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። እንደ እኔ ስለ አንቀጽ 71 አልተጨነቁም። የገረማቸው ነገሩ ሲበላሽ ወይዘሪቷን የጠራት ፖሊስ መሆኑ ነው። በእሳቸው ወግ እርቅ ፈረሰ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት ያስታረቁት ናቸው፤ ምን እንደተባለ ምስክሩም ዋሱም እነሱ ስለሆኑ። ፖሊስ ምን አግብቶት?

ወረቀቱን አጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት፤ የጣት አሻራ ያረፈባቸው የሰፈሩ የእርቅ ወረቀቶች ከሚቀመጡበት።

«አባባ፣ እሱ እኮ የኔ ነው፤ ይመልሱልኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ጉዳዩ መች አለቀና፣ ልጄ» አሉና ቁልፉን ቆለፉት።